በሞምባሳ መንገድ ላይ የተጣለ ቅርንጫፍ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ወንበር፣ ስክሪንና አንድ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ ነበር። ቢሮው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ነው። ከባድ መኪናው ግን ሻይ ጭኖ በሞምባሳ መንገድ ለሙከራ ራሱን እየነዳ ይሄዳል። እኔ ከሩቅ እጠብቀዋለሁ።

ሳልቀመጥ አማትባለሁ። አለቃዬ ካማው ይህን ሲያይ፣ «ማማ፣ ብሬኩ እኮ ተፈትሿል» ይለኛል።

«ፍተሻውንም ይባርክልን» እላለሁ።

በሙከራው ደንብ ረጅሙና ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ለጥንቃቄ አብሮ የሚሄደው ሾፌር ከጋቢናው ኋላ ያርፋል። ያን ጊዜ የመኪናው ዓይን እኔ ነኝ። ያለ በቂ ምክንያት ቀዩን ከተጫንኩ ጉዞው እንደ ወደቀ ይቆጠራል፤ ሙከራው እንደገና ይጀመራል።

አንድ ቀን የሻዩ ባለቤት ሙከራውን ሊያይ መጥቶ ከኋላዬ ተቀምጧል። ሾፌራችን ሙቱዋ ተኝቷል። ቀጥታው መንገድ የሚያበቃበት ኩርባ ሳይደርስ አስፋልቱ ላይ ቅርንጫፎች ተራርቀው ተጥለው አየሁ። መኪናው «ቆሻሻ» ብሎ መዘገባቸው፤ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ቀዩን ተጫንኩ።

«ለቅጠል ነው ያቆምሽው?» አለ ባለቤቱ።

ሙቱዋ በሬዲዮ መጣ። «ማማ፣ ከአልጋዬ ልትጥይኝ ነው እንዴ?»

«ቅጠል አለ። ውረድና ከኩርባው ወዲያ ያለውን እይልኝ።»

ቅጠል ስለው ቀልዱን ተወ። ቆይቶ ተመለሰ። «ቦቴ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቷል። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ እየጠገነ ነው።»

ባለቤቱ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። አገሬም ሆነ እዚህ፣ መኪና የተሰበረበት ሾፌር ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላው ይጥላል። አጠገቤ የቆመውን ካማውን፣ «ይህን አታውቅም ነበር?» አልኩት።

«አባቴ የሎሪ ሾፌር ነበር። ቅጠሉን ቆርጬ የምጥለው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ለመኪናው አልነገርነውም?»

«ይህን የማያውቅ ማን አለ ብለን ነዋ።»

ከዚያ በኋላ የግራር፣ የማንጎ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ እርጥቡንም ደረቁንም እያስቀረጽን አስተማርነው። ሾፌሮች ግን ጠግነው ሲሄዱ ቅጠሉን አያነሱም። ስለዚህ መኪናው ያለ ምክንያት የሚቆምበት ጊዜ በዛ።

«አሁን ደግሞ የፍየል ቁርስ ባየ ቁጥር ይቆማል» ይላል ሙቱዋ። ሲያርፍ ግን ጫማውን አውልቆ ይተኛል፤ ድሮ አያወልቅም ነበር።

ካማው ዛሬም ሳማትብ ብሬኩ ተፈትሿል ይለኛል።

ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ማሽን ስታስተምሩ፣ ማንም ያውቀዋል ብላችሁ ለመናገር የምታፍሩትን አስቀድሙ።