አያቴ እንዲሳለሙ ክፍት የተተወው ሸራ

ሸራችን ከተጎታቹ ጋሪ ላይ ተነቅሎ ሲበር አያቴ ቀና ብለው «ያ ደግሞ የማን ነው?» አሉ።

የእኛው ጣሪያ ነበር።

እናቴን ወባ ስለጣላት፣ ደጋ ወጥታ እንድታገግም ከናዝሬት ወደ ሁሩታ እየወሰድናት ነው። አጎቴ ካሚዮኑን ይነዳል፤ ጋቢናው በዕቃ ስለሞላ እሷ ከኋላ በሚጎተተው ጋሪ ላይ ተኝታለች፣ እኔና አያቴ አጠገቧ ነን።

ጠዋት ሸራውን ስናስር «መጀመሪያ የፊቱን እንጠፍረው» ብዬ ነበር።

አያቴ «ቤተ ክርስቲያን ሲያጋጥመን በየት አይቼ ልሳለም? የፊቱን ተዉልኝ» አሉ።

«አባባ፣ ነፋሱም በዚያው ይገባል እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ነፋስን የወለድሽው አስመሰልሽው።»

ካሚዮን የማይፈራው አጎቴ አባቱን ይፈራል። «እሺ አባባ» ብሎ ክፍት ተወው።

እስካሁን አንድም ቤተ ክርስቲያን አላለፍንም። ያጋጠመን ነፋስ ብቻ ነው፤ በፊት በኩል ገብቶ ሸራውን ነፋውና ገመዱን በጠሰው።

አጎቴ ካሚዮኑን አቁሞ ሸራውን ፍለጋ መንገድ ዳር ያለው ግራር ውስጥ እንደገባ አልተመለሰም። በአርሲ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እናቴ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ የምንጠለልበት ጎጆ እንኳ አይታይም።

አያቴ ማንም እንዲነካባቸው የማይፈቅዱትን ካባ አውልቀው በላይዋ ወጥረውታል።

«ነይ እስቲ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «የፊቱን ጫፍ አንቺ ያዢው። አጥብቀሽ።»

በሽተኛ ይዛችሁ ዝናብ ሜዳ ላይ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ በምን እንዳለፋችሁት ንገሩኝ። ማካፋት ጀምሯል።