የሰዓት ሠሪው ጠብታ

ሰዓት ሠሪው ሚስቱን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሥራ ጠረጴዛውን አስነክቷት አያውቅም። ሱቁ ከመኝታ ክፍላቸው ጋር በአንድ በር ትገናኛለች፤ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው። ሚስቱ ጠረጴዛውን ልትወለውል ጨርቅ ይዛ ስትጠጋ፣ "ተይው፣ እጅሽ ከባድ ነው" ይላታል። እውነት ነው፣ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት እጅ ይሻክራል። ከባድ ግን አልነበረም። እሱ ደግሞ በመርፌ ጫፍ ዘይት ይዞ፣ ለማየት እንኳ የምታስቸግር ቀዳዳ ውስጥ ሲያኖር እጁ ስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም።

የግራ ዓይኑ በልጅነቱ ጠፍቷል። ቀኙን ሞራ ሲጋርደውና ደንበኞቹን በድምፅ መለየት ሲጀምር፣ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በማግስቱ ሻሹ ሲነሳለት የግድግዳ ሰዓቱን ቀጭኗን የሰከንድ ቆጣሪ ከሩቅ አየና አለቀሰ። ሐኪሟ ጠብታ ሰጠችው፤ ዓይኑ እንዳይቆጣ በቀን ስድስት ጊዜ።

"ና ልጨምርልህ" አለችው ሚስቱ።

"እኔን? ዕድሜዬን ሙሉ ዘይት ስጨምር ኖሬ የራሴን ዓይን እስታለሁ?"

በር ዘግቶ ብቻውን ይጨምር ጀመር። ሰዓት ግን አይጨፍንም። የእሱ ዓይን ብልቃጡ ሲቀርብ ጥርቅም ይላል፤ ጠብታውም በጉንጩ ይወርዳል። ፊቱን ጠርጎ ይወጣና "ጨመርክ?" ስትለው ዓይኑን በጨው አጥቦ "እህ፣ ታዲያስ!" ይላታል። አልፈርድበትም። ሰው በሚኮራበት በእጁ ሥራ፣ ያውም በስተርጅና፣ አቃተኝ ማለት ይከብደዋል።

በአሥረኛው ቀን ዓይኑ ደም መሰለ። ብርሃን ይወጋው ጀመር፤ የግድግዳው ሰዓቶች ተመልሰው ጭጋግ ውስጥ ገቡ። አሁን ፈራ። ያለችው ያቺው አንዷ ዓይን ናት።

ሐኪሟ በመሣሪያዋ አየችው። "አባት፣ ዓይንዎ ውስጡ ክፉኛ ተቆጥቷል። በዚሁ ከቀጠለ ልናጣው እንችላለን። ጠብታውን ይጨምራሉ?"

"በሰዓቱ!"

"እስቲ ሲጨምሩ ልይ።"

ብልቃጡን ተቀብሎ ቀና አለ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። ብልቃጡ ሲቀርብ ዓይኑ ጥርቅም አለ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ቅንድቡ ላይ አረፈች፣ ሁለተኛዋ አፍንጫው ላይ፣ ሦስተኛዋ ኮሌታው ላይ። ላብ አጠመቀው።

"አቃተኝ" አለ።

ሚስቱ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን ትተርበው ነበር፤ አሁን ግን አንጀቷን በላት።

ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች። "እናት፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርገው፣ ብልቃጡ ዓይኑን ሳይነካ አንድ ጠብታ። ለጊዜው በየሰዓቱ፤ ከዚያ እኔ እያየሁ እቀንሳለሁ። ዳነ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ።"

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ሆነ። "ቀና በል! ጣራውን እይ! አትጨፍን፣ አንተ ሰውዬ!" ሻካራው ጣቷ ቆቡን ሲስበው አይታወቀውም ነበር፤ ጠብታዋ አንድም ጊዜ ሳትስት ትገባለች። እሱም እንደ ተማሪ ፀጥ ብሎ ይቀመጣል። ቅላቱ ቶሎ አልለቀቀም። በሁለተኛው ሳምንት ብርሃን መውጋቱን ተወ፤ ጠብታው በቀን ስድስት ሆነ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አንድ። በሰባተኛው ሳምንት ሐኪሟ "ይብቃ፣ ድነዋል" አለች።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አንድ የሴት ሰዓት ከፈተ። ዘይቱን በመርፌ ጫፍ አነሳና ቆም አለ።

"ነይማ" ብሎ ተጣራ። "ይችን አንቺ አድርጊያት።"

"እኔ? እጅሽ ከባድ ነው ስትለኝ ኖረህ?"

"ዓይኔን ካልከበደው ሰዓቱን አይከብደውም።"

መጀመሪያ እጇን በሳሙና ልትታጠብ ሄደች።