ርግብ ቤቱ ፊት የተሰቀለችው ካሜራ

ሬዲዮ ጠጋኙ ሽጃዓት፣ ርግቦቹን ሌባ ከሰገነቱ እየለቀመ ቢያስመርረው፣ ከፓኪስታኗ ከተማ ከሙልታን አሮጌ ገበያ አንዲት ሰሌዳ ብቻ የሆነች መዳፍ የምታህል ኮምፒውተርና ርካሽ ካሜራ ገዛ። በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አሽጎ ርግብ ቤቱ ፊት ሰቀላቸው። ምስሉ ስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ሲመጣ፣ ደስታውን እንዲያይለት የጠራው አብሮ አደጉንና ጎረቤቱን ሙባረክን ነበር።

ሙባረክ ስልኩን ትክ ብሎ አየ። "ይሄ ጥግ ላይ ያለው የኔ ግቢ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ምን አለበት? እኔ የማየው ርግብ ነው።"

"ባይጃን፣ ወንድሜ፣ ያቺ ልብስ የምታሰጣው ልጄ ናት።"

"እጄ ላይ አይደል እንዴ ያደገችው?"

"አንተማ ወንድሜ ነህ። ቆርቆሮህ ግን ወንድሜ አይደለም።"

ሽጃዓት ካሜራዋን ወዲያው አዞራት፣ ምስሉንም አጠፋ። ለሙባረክ ግን አንዴ የታየ ታይቷል።

በሳምንቱ ሽጃዓት የጡብ ድምፅ ሰምቶ ሰገነቱ ላይ ወጣ። በሁለቱ ቤቶች ሰገነት መካከል አንድ ግንበኛ ግንብ ያነሣል።

"ምን ያህል ከፍ ሊል ነው፣ ልጄ?"

ግንበኛው ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ "ከእርስዎ ቁመት እስኪያልፍ ነው የተባልኩት፣ አባባ" አለው።