ሚሊሜትር የሳተችው እጅጌ

እንኳን ደስ ያላችሁ! ልጅቷ ተቆጣች! ያውም አክስቷን፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብላ! «ይሄ ምኑ ያስደስታል?» እንዳትሉኝ፤ ስሙኝማ።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከልክ ዝንፍ ስለማትል ሰፈራችን «ሚሊሜትር» ይላታል። የሁለት ትምህርት ቤቶችን ዩኒፎርም ትሰፋለች። ያላቸው ሰዎች ልጆች የሚማሩበት የላይኛው፣ ተማሪ ሲከፋው የምታነጋግር አማካሪ ቀጥሯል። የእህቷ ልጅ የምትማርበት የታችኛው ግን አንዲት ልጅ ብቻዋን የምታለቅስበት የሚዘጋ ክፍል እንኳ የለውም።

ያቺ የአሥራ አምስት ዓመት ሳቂታ ድንገት ዝም አለች። ትምህርቷን ተወች፤ ከስፌት መኪናው ጀርባ ጨርቅ ክምር ላይ ተጋድማ መዋል ሆነ ሥራዋ። «ጉርምስና ነው፣ ይለቃታል» አለ ጎረቤት። ሚሊሜትር ግን አላመነችም። ልጅቷን ልታጣት እንደሆነ ተሰማት።

አንድ ቅዳሜ አማካሪዋ ኮት ልታሰፋ መጣች። ሚሊሜትር ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳዞረች ሁሉን ዘረገፈችላት።

«እትዬ፣ የተቀጠርኩት እኮ ለእነዚያ ልጆች ብቻ ነው» አለች አማካሪዋ አቀርቅራ።

«እሱስ ይሁን። ለልክ ግን ይመለሳሉ አይደል?»

በሳምንቱ መጣች፤ እጅጌው አጠረ። ሚሊሜትር ስትተረትር አማካሪዋ ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ልጅቷን እያዋራች ጠበቀች። በሚቀጥለው ረዘመ። ደግሞ ኮሌታው ተጣመመ። ደንበኞች «ዓይኗ ደከመ» ብለው አሟት፤ ሠላሳ ዓመት ያካበተችው ስም ሲጠፋ እያየች ሐሜቱን ዋጠችው። በአራተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ለአማካሪዋ ጥያቄ «አዎ» ብላ መለሰች። በአምስተኛው እንባዋ ወረደ።

ዛሬ ሚሊሜትር መቀሷን ስታነሳ፣ ከክምሩ ላይ ድምፅ ፈነዳ፦

«አክስቴ! ኧረ በቃሽ! ሆን ብለሽ ስታበላሺው እያየሁሽ እኮ ነው! ብርዱ ሊያልፍ ነው፣ ሴትዮዋ ኮቷን መቼ ልትለብሰው ነው?»

አማካሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እኔስ መች አጣሁት? ሚሊሜትር ሦስት ጣት ሙሉ ይስታሉ ብዬ ላምን ነው?»

ሚሊሜትር በርጩማዋ ላይ ዘጭ አለች። «የኔ እናት፣ እስቲ ድገሚው። እንደገና ተቆጪኝ።»

ገና ነው፤ ልጅቷ ሰኞ ትምህርት ቤት ትሂድ አትሂድ እንጃ። ግን ቀና ብላ፣ «ከክፍሌ አንዷም እንደኔ ተኝታለች። እሷም ትምጣ?» ብላ ጠየቀች።

«ትምጣ» አለች አማካሪዋ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ፤ ኮት ኖረም አልኖረም።»

በሉ ደህና ዋሉ፣ እኔ መቀመጥ አልችልም! የዚያችኛዋ ልጅ እናት ከቤት ሳትወጣ ሮጬ ደርሼ ልንገራት።