«ቢመችዎ» ብዬ የጠየቅኩት ፈቃድ
ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ኢሜይል መጻፍ ያስተማረኝ የለም፣ የሌላውን እያየሁ ነው የለመድኩት።

ከቢሮው ጀርባ የነበረው የአክስቴ ቤት ሊፈርስ ስለነበር፣ ሐሙስ ዕቃዋን ጭና ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ልትገባ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ከእሷ ሌላ ዘመድ የለኝም። ዕቃ አብሬያት ላነሳ፣ ልሸኛትም ፈለግሁ።

ለአለቃዬ ጻፍኩለት። ፈቃድ ፊት ለፊት መጠየቅ ድፍረት መሰለኝና መጀመሪያ ጤንነቱን ጠየቅኩ፣ ቀጥዬ አመሰገንኩት፣ መጨረሻ ላይ «ለትንሽ የቤት ጉዳይ፣ ቢመችዎና ሥራ የማይበድል ከሆነ፣ ሐሙስን ቢፈቅዱልኝ» አልኩ። ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አንብባው ሳቀች።

«አንቺ፣ ይሄ ኢሜይል ነው ሽምግልና?»

መልሱ ረቡዕ መጣ። «ሥራ በዝቷል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው።»

ሐሙስ የጭነት መኪናው ሲወጣ በመስኮት አየሁት። አክስቴ ጋቢና ውስጥ ፍራሽ አቅፋ ተቀምጣለች። ማልቀሴን ያየው አለቃዬ ምክንያቱን ሲሰማ ደነገጠ።

«እንዴ እህቴ፣ በቃ አክስቴን ልሸኝ አትዪኝም? ቢመችዎ ስትዪኝ እኮ የሚቆይ ነገር መስሎኝ ነው!»

ከሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ ወደ አክስቴ መንደር ታጠፍኩና መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ቂርቆስ ወዳለችው ክፍሌ በእግሬ ሄድኩ። የዚያን ቀን እንዴት ዋልሽ ያለኝ ሰው የለም።

እሁድ አክስቴ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ክፍሌ ድረስ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀመጠችና የአዲሱን ቤት ትርፍ ቁልፍ ሰጥታኝ ሄደች።