ሁለተኛው ፍቺ

ከዓመታት በፊት ቡታጅራ አብሮኝ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው «ዩ ቢጋይል ሚ» የሚል ቴክስት ላከልኝ። ቃሉን አላውቀውም። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ መጠየቅ አሳፈረኝና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አንደኛ ፍቺ፦ በውበት መማረክ። ደስ አለኝ! እዚያው ላይ ከደንኩት። ከሥሩ ሌላ ፍቺ እንዳለ ልብ አላልኩም፤ እኔ ቂል!

ከሰውየው ጋር ፍቅር ጀመርን። በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤታችን ወልቂጤ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ ለሚማር አንድ መምህር ቦታ መጣ። ተራው የእኔ ነበር። እሱ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ጁስ ቤት ወሰደኝና «የኔ ቆንጆ፣ ዘንድሮ እኔን አስቀድሚኝ። ስመለስ እንጋባለን፤ ከዚያ አንቺ ትሄጃለሽ» አለኝ። በገዛ እጄ ቦታውን የለቀቅኩበትን ደብዳቤ ጻፍኩ። ዓመት ሳይሞላ እዚያው ወልቂጤ ማግባቱን ከሰው ሰማሁ። ለእኔ ሌላ ቦታ አልመጣም።

ያን ቀን መዝገበ ቃላቱን እንደገና ገለጥኩት። ሁለተኛ ፍቺ፦ ሰውን በጣፋጭ አፍ አባብሎ የያዘውን ማስለቀቅ። የእኛም «ማታለል» የሚለው ቃል እኮ እንደዚሁ ነው፤ ሕፃን ቢላ ሲይዝ «አታልዪና ተቀበዪው» እንላለን። እኔም እንደዚያ ነው የተታለልኩት። እርር ድብን አልኩ።

ባለፈው ክረምት ይኸው ሰው እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊነት ሊወዳደር መጣ። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ሲያየኝ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ አፉ ግን አሁንም ማር ነው፣ ሁለቱን ጠያቂዎች አሳቃቸው። ተራዬ ደረሰ።

«ቢጋይል የሚለውን ቃል ለተማሪ እንዴት ያስረዳሉ?» አልኩት፣ በአንቱታ።

«መማረክ... ማስደሰት።»

«ሌላ ፍቺስ?»

«ሌላ ያለው አይመስለኝም።»

እሰይ! መዝገበ ቃላቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። «እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን።» አነበበ። «ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት» ስለው ገጹን ማገላበጥ ጀመረ። እኔው ተነሥቼ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት፦ ሰውየው ሴትዮዋን አታሎ ቦታዋን አስለቀቃት። በአማርኛ እንዲተረጉመው ጠየቅኩት። እየተንተባተበ ተረጎመው።

ዜሮ ሰጠሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኃላፊነቱንም ሌላ ሰው ወሰደው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን በር ላይ ጠብቆኝ «ይቅር በይኝ። አንቺን እኮ ከልቤ ነበር የምወድሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለኝ።

«በአንደኛው ፍቺ ነው በሁለተኛው?» አልኩት።