ሰፌድ የያዘችው ሴት ሳንቲም

«ከፊቴ አንሺው!» አሉኝ እትዬ አልጋነሽ፣ ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ መሃል።

ያሳየኋቸው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘሁትን የደርግ ጊዜ የመታሰቢያ ሳንቲም ነበር። ሰፌድ የያዘች ሴት ተቀርጻበታለች፤ ዙሪያውን «ለስንቅ አዘጋጅ እናቶች» ይላል። (ጣሊያኑ ሻጭ ፒዛ ጋጋሪ ናት ብሎኛል።)

እኔ ደግሞ ደስ ይላቸዋል ብዬ!

እትዬ እዚህ ሮም ሽማግሌ ሲያስታምሙ የኖሩ ሴት ናቸው። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። ለጦር ሜዳ በሶ ሲፈጩ፣ ድርቆሽ ሲያደርቁ ከርመው፣ አንድ እሑድ የቀበሌ ሰዎች ሳንቲሙን ይዘው ቤታቸው መጡ። ፈገግ ብለው፣ አመስግነው ሰጧቸው።

«ደስ አለኝ፤ እንግዳ ነው ብዬ ‹ና እንጂ፣ ሰላም በላቸው!› ብዬ ተጣራሁ» አሉኝ።

ከአፈሳ ሸሽገው ሁለት ወር ጓዳ ያስቀመጡት የበኩር ልጃቸው ወጣ። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ጨበጣቸው።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለው አንደኛው፣ እጁን ሳይለቅ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እትዬ ልጃቸውን አላዩትም።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሳንቲሙ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቅድም የበር ደወል ጮኸ። ልጄ ሊከፍት ሲነሳ «ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

እናንተስ ቤት ይህ ሳንቲም አለ? ይዘውት የመጡ ቀን ማን ወጥቶ ሰላም አላቸው?